ነፋስ የማይገባበት ቤት

እሑድ

ነፋሱ ዛሬ ጀመረ። ቁርስ ላይ ሳለን የጓሮው በር ራሱ ተከፍቶ ራሱ ተዘጋ። ባሌ «እንግዳ መጣ» ብሎ ቀለደ፤ እኔ አልሳቅኩም። ምሳ ሳይደርስ የመስኮቱ ደፍ ላይ ቢጫ አቧራ ተኝቶበት ነበር።

ሐኪሟ የልጅቷን ሳል በየቀኑ ጻፊ ብላኛለች። ይኸው ደብተር ገዛሁ። ግን እኔ ሳል ብቻ ጽፌ የማቆም ሰው አይደለሁም፤ ሆዴ ውስጥ ያለውም አብሮ ይወጣል።

ድንቢጥ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስሟ ሌላ ነው፤ ስትወለድ ግን ከእፍኝ አትበልጥም ነበርና ድንቢጥ ሆና ቀረች። አስም አለባት። አምና በዚህ ወቅት ሆስፒታል ገብታ፣ አፍና አፍንጫዋ ላይ ጭምብል አድርገውላት፣ የጎድን አጥንቷ ሲወጣና ሲገባ አይቻለሁ። ከዚያ እትዬ፣ የባሌ ታላቅ እህት፣ መጥተው ወሰዷት። የሚኖሩት ሐይቅ ዳር ነው፤ አቧራ የሚባል አያውቁም። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው፣ ልጅ አልወለዱም። ዝናብ ሲጥል ድንቢጥ ተመለሰች፤ ጉንጯ ሞልቶ፣ ጸጉሯ በሥርዓት ተሠርቶ። በመጣች በማግስቱ እኔን «አክስቴ» ብላ ጠራችኝ። አፏ አዳልጧት ነው፣ ራሷም ደነገጠች። እኔ ሳቅኩ። ያንን ሳቅ እንዴት እንደሳቅኩት የማውቀው እኔ ነኝ።

ዛሬ ባሌ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ከእህቱ ጋር ሲያወራ ነገሩ ተቆረጠ። «ዘንድሮ አንድ ጊዜ ሆስፒታል ትግባ እንጂ፣ በማግስቱ መጥቼ እወስዳታለሁ። ትምህርቷንም እኔው ጋ ትቀጥላለች» አሉ እትዬ። ባሌ እሺ አለ። እኔም እሺ አልኩ። ምን ልበል? የልጇን ትንፋሽ የምትጠላ እናት የት አለች? ድንቢጥ ኮሪደሩ ላይ አሻንጉሊቷን እያለበሰች ነበር። አልሰማችም።

ግን ለራሴ ምያለሁ። ነፋስ እዚህ ቤት አይገባም። ነፋስ ካልገባ አቧራ የለም፣ አቧራ ከሌለ ሳል የለም፣ ሳል ከሌለ እትዬ በሐይቃቸው ዳር በሰላም ይቀመጡልን።

ሳል፦ ጠዋት ትንሽ። ማታ ጠንከር ያለ።

ማክሰኞ

በጥድፊያ። አናጢው መጣ። የልጅቷን መኝታ ቤት መስኮት አይቶ «እህቴ፣ ይሄ መስኮት አይደለም፣ ወንፊት ነው» አለኝ። ስቱኮ፣ ሲሊኮን፣ የጎማ ማሸጊያ። ጣቶቼ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። የደንበኞች ልብስ ተከምሮ ይጠብቀኛል።

ሳል፦ አለ።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ በራሴ ኮርቻለሁ፣ ልጻፈው።

አናጢው መስኮቱን በማሸጊያ ከቦ፣ መስታወቱን በሲሊኮን አጥብቆ «አለቀ» ብሎኝ ሄደ። እኔ ደግሞ በሰው አለቀ አላምንም። ባሌ ሻማ አብሪና ነበልባሉን እዪ ብሎ መከረኝ። ሹፌር አይደል፣ ሻማ አጠገብ መጋረጃ እንደሚቃጠል የት ያውቃል። ልብስ ሰፊ ሌላው ቢቀር ክር አታጣም። ቀጭን የሐር ክር መርፌ ጫፍ ላይ አስሬ በየስንጥቁ አጠገብ ያዝኩ። ክሩ ቀጥ ብሎ ከተንጠለጠለ ደህና ነው፤ ከተወዛወዘ ሌባው እዚያ አለ።

ስንት ሌባ ያዝኩ! ከመቃኑ በላይ ስቱኮው ተሰንጥቋል። የዋናው በር ቁልፍ ቀዳዳ እንደ ዋሽንት ይነፋል። በማጠፊያው በኩል መዝጊያው ከመቃኑ አይገጥምም፣ እዚያ የጎማውን ማሸጊያ እጥፍ አድርጌ ለጠፍኩበት። ድንቢጥ ክሩን ተቀብላኝ ከበር ወደ በር እየዞረች «እማዬ፣ እዚህም ጨፈረ!» ትላለች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል።

ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት ግን በማሸጊያ የሚሞላ አልሆነም። የድሮ መጋረጃ ቆርጬ እንደ ክንድ ወፍራም የሆነ ረጅም ከረጢት ሰፋሁና በጨርቅ ቁርጥራጭ ጠቅጥቄ ሞላሁት። የልብስ ሰፊ ቤት ቁርጥራጭ ሞልቶታል። ድንቢጥ ሁለት ቁልፎች ዓይን አድርጋ ሰፋችለት፣ ስሙን ዘንዶ አለችው። አሁን የመኝታ ቤቷ በር ሥር ተጋድሟል። ባሌ ሊያልፍ ሲል እግሩን አንስቶ «ዘበኛሽ ይነክሳል?» አለኝ።

ሳል፦ አለ። ግን ይቀንሳል፣ መቀነሱ አይቀርም።

ቅዳሜ

አልቀነሰም። ነፋሱ ውጭ ያፏጫል፣ ልጄ ውስጥ ታፏጫለች። የሚሳበውን መድኃኒት ሰጠኋት፣ ተሻላት።

አናጢውን አስጠርቼ ጮኽኩበት። «በደንብ ብትሠራው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር!»

ክሬን ከእጄ ተቀብሎ በመስኮቱ ዙሪያ ሁሉ ይዞ አሳየኝ። ክሩ ንቅንቅ አላለም። «እህቴ፣ ከዚህ በላይ ከፈለግሽ መስኮቱን ነቅዬ ግድግዳ ልሥራልሽ» ብሎ መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ። ሲወጣ በሩን ሊያጋጭብኝ ፈልጎ ነበር፤ ማሸጊያው ለስላሳ ስለሆነ አልጮኸለትም። አለመጮኹን እንኳ ወደድኩት።

ሰኞ

የፋብሪካው ጥበቃዎች ካፖርት መጣልኝ። ሰማያዊ ሱፍ ነው፣ ወፍራም፣ ጸጉራም። መቀሱ በገባበት ቁጥር እንደ ዱቄት ይበናል። የስፌት መኪናዬ ያለችው ሳሎን መስኮቱ ሥር ነው፤ ደንበኛ ከመንገድ ያየኛል፣ እኔም መንገዱን አያለሁ። ዛሬ መስኮቱ ዝግ ስለሆነ ላብ አጠመቀኝ። እየቆረጥኩ ስንት ጊዜ እንዳስነጠሰኝ። ግን አልከፍትም፣ ብሞት አልከፍትም።

ዘንዶው ትንሽ ከስቶ ነበር። በሰማያዊው ቁርጥራጭ አወፈርኩት።

ሳል፦ ሌሊቱን እስኪነጋ።

ረቡዕ

ሳል፦ የለም!

አርብ

ሳል፦ የለም። ዛሬም የለም! ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ፣ ጸጥ። ባሌን ቀስቅሼ «ሰማህ?» አልኩት። «ምኑን?» አለኝ። «ምንም አለመኖሩን!»

እትዬ ሲደውሉ ስልኩን ከባሌ እጅ ነጥቄ እኔው ነገርኳቸው። «ደስ ይላል» አሉ። የደስታ ድምፅ አልነበረም። እኔ ግን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እሑድ

ሳል የለም። ድንቢጥ አዲስ አመል አምጥታለች፤ ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀብራ በሆዷ ነው የምትተኛው፣ ብርድ ልብሱን እስከ አናቷ ተከናንባ። ልጅ መቼም አመል አያጣም።

ባሌ «ዝም አላለችብሽም?» አለኝ። አድጋለች አልኩት። ሴት ልጅ ስታድግ ረጋ ትላለች።

ማክሰኞ

አስተማሪዋ መንገድ ላይ አግኝታኝ ድንቢጥ በእረፍት ሰዓት ገመድ መዝለል እንደተወች ነገረችኝ። ጥግ ይዛ ትቀመጣለች አለች። አቧራውን ፈርታ ነው፣ አስተዋይ ልጅ ናት።

የትራሷ ልብስ ረጥቦ አገኘሁት። ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። ወተት ጥርስ ሲለቅ እንዲህ ያሳክካል መሰለኝ። አጠብኩት።

እትዬ ደወሉ። ቅዳሜ ይመጣሉ። «በዓይኔ ልያት» አሉ።

ይምጡ! ያዩታል።

ቅዳሜ ማታ

መጡ። ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ዋናውን በር ሁለቴ ከፍተው ዘጉት። «ምን አደረጋችሁት? ድሮ ሲዘጋ ቤቱ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር» አሉ። እኔ ክሬን አውጥቼ ቤቱን በሙሉ አስጎበኘኋቸው፣ ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ቁልፍ ቀዳዳው ሳይቀር። ክሩ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆሟል። እትዬ በቀላሉ የሚያመሰግኑ ሰው አይደሉም፤ «ሥራ ነው» አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ይሄ ሽልማት ነው።

ድንቢጥ አቅፋ ሳመቻቸው፣ ግን ወዲያው እኔ ጀርባ መጣች። እትዬ ይህን አይተዋል። እኔም አይቻለሁ፣ ልዋሽ አልፈልግም፣ ደስ ብሎኛል።

እሳቸው ከእሷ ጋር ይተኛሉ። ነገ አፋቸውን ሞልተው «ደህና ናት» ይላሉ።

እሑድ

እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ጠዋት ባሌ ወደ ሥራ እንደወጣ እትዬ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። ፊታቸው የተኛ ሰው ፊት አልነበረም።

«ልጅቷ ስታስል ነው ያደረችው» አሉኝ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ከግድግዳው ወዲህ ነኝ የምተኛው። ብታስል እሰማለሁ።»

«አትሰሚም። ትራሷን ነክሳ ነው የምታስለው። የአንገቷ ሥር እስኪገታተር ድረስ እየዋጠችው። መብራት ላብራ ስል እጄን ይዛ ‹አክስቴ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪ› አለችኝ።»

ትራሱ፣ ጥርሱ፣ ብርድ ልብሱ፣ ገመዱ፤ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። ሁሉንም እኮ በእጄ ጽፌዋለሁ! በየሥሩም «ሳል የለም» ብዬ ፈርሜያለሁ።

እትዬ አልጨረሱም፤ ወደ ድንቢጥ መኝታ ቤት ይዘውኝ ገቡ። ድሮ የመማሪያ ክፍል ሲቆጣጠሩ እንደሚያደርጉት፣ ከድንቢጥ አልጋ በላይ ያለውን መደርደሪያ በጣታቸው ጠርገው አሳዩኝ። «የውጭው አቧራ ቢጫ ነው። ይሄ ምንድን ነው?»

ጣታቸው ሰማያዊ ነበር።

ወደ ሳሎን ዞር ብል ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ፣ ከስፌት መኪናዬ እስከ ልጄ በር ድረስ ብናኙ ይንሳፈፋል። መውጫ የለውም። መውጫውን በሲሊኮን የደፈንኩት እኔ ነኝ። እየሮጥኩ መቀሴን አምጥቼ ዘንዶውን ቀደድኩት፤ ሆዱ ሙሉ ሰማያዊ ጸጉር። በር ይጠብቅልኛል ብዬ አፍንጫዋ ሥር ያጋደምኩት! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አሉ። ነፋሱን ስረግም፣ አናጢውን ሳዋርድ፣ ልጄን ያሳላት የገዛ መቀሴ ነው።

ድንቢጥ ከእንቅልፏ ስትነሳ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ለምን ደበቅሽኝ፣ ልጄ?»

አንሶላውን ታጣጥፋለች። «ሆስፒታል ከገባሁ አክስቴ መጥታ ትወስደኛለች አላችሁ።»

«እዚያ አትወጂውም?»

«እወደዋለሁ። ጀልባም አለ። ግን አንቺ የለሽም።»

እትዬ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ድንቢጥ ስታያቸው ደንግጣ ፊቷን ሸፈነች። እሳቸው ግን ቀስ ብለው መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል» አሉ። «ያስደበቅንሽ ግን እኛ ነን። ስሚኝ፣ ማሳል አያስወስድሽም። ካሁን በኋላ ሲያስልሽ ጮክ ብለሽ፣ ቤቱ እስኪሰማ። ገባሽ?»

«ብዙ ቢያስለኝስ?»

«ብዙ ካሳለሽ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ነፋሱ እስኪያልፍ እኔም እዚሁ ነኝ። ቤቱ የማይሆንሽ ከሆነ ሁላችንም ተቀምጠን እንመክራለን፣ አንቺም ትጠየቂያለሽ።»

ድንቢጥ ወደ እኔ አየች። ራሴን ነቀነቅኩ። ያን ጊዜ የያዘችውን ሳል ለቀቀችው፤ ረጅም፣ አስፈሪ ሳል። ይዘናት ወደ ሐኪሟ ሮጥን።

ሰኞ

አላስተኟትም! በጭምብሉ መድኃኒት ሰጥተው፣ አዲስ መድኃኒት አዘው መለሱን። ሐኪሟ ስለ ሱፉ ስነግራት «አውጪው» አለችኝ። ግድግዳው በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፣ በመጥረጊያ አይጠረግም። መስኮት ጎህ ሲቀድ፣ ነፋሱ ሳይነሳ ይከፈት።

ደብተሩን አሳየኋት። «የለም» የሚለውን ሁሉ ሰርዤዋለሁ።

ረቡዕ

በጥድፊያ። የስፌት መኪናዋ ወጣች። ባሌና አናጢው ተሸክመዋት በአጥሩ በር አጠገብ ወዳለው የቆርቆሮ ዕቃ ቤት። አናጢውን ይቅርታ ጠየቅኩት። «ኧረ ተዪው፣ እህቴ፤ እኔ ግድግዳ ልታሠሪኝ የጠራሽኝ መስሎኝ ነበር» አለ። ካፖርቶቹ ወጡ። መጋረጃው፣ ምንጣፉ፣ ትራሱ ሁሉ። ዘንዶው ተጣለ፤ በምትኩ አናጢው የበሩ ሥር ላይ የጎማ ምላስ ቸነከረ። እትዬ ሻሽ አስረው ጣሪያ ያጥባሉ። በዚህ ዕድሜያቸው ወንበር ላይ! ይውረዱ ብላቸው «ዝም በይና ባልዲውን አቀብዪኝ።»

ቅዳሜ

ዕቃ ቤቱ መስኮት የለውም፣ በሩን ከፍቼ ነው የምሰፋው። ነፋሱ በበሩ ገብቶ በቆርቆሮው ስንጥቅ ይወጣል፣ ብናኙንም ጠርጎ ይወስዳል። ሻርፕ አፍንጫዬ ላይ ጠምጥሜ፣ ሥራዬን ስጨርስ ልብሴን እዚያው ቀይሬ ነው ቤት የምገባው። አንዲት ደንበኛ «ምነው፣ ከቤት አባረሩሽ?» አለችኝ። «ራሴን በራሴ አባረርኩ» አልኳት።

ሳል፦ ጠዋት፣ ማታ። ሁለቱንም ሰማሁት። ሁለቱንም በሰላም።

ሐሙስ

ሳል፦ ጠዋት ብቻ። አዲሱ ትራሷ ደረቅ ነው።

ማክሰኞ ማታ

የዓመቱ ትልቁ ነፋስ ዛሬ መጣ፤ ከእንግዲህ የፈለገው ይምጣ!

ከምሳ በኋላ ሰማዩ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። ድንቢጥ ከትምህርት ቤት የገባችው በባሌ ኮት ተጠቅልላ ነው። የጎረቤት ቆርቆሮ ተነቅሎ መንገዱ ላይ ሲንከባለል በመስኮቱ አየን። አውቶቡሶቹ ቆሙ። ከዚያ ማዶ ያለው ቤት ጠፋ፣ ቀጥሎ አጥራችን ጠፋ። መብራትም ጠፋ። አምና ሆስፒታል የገባችው እንዲህ ባለ ቀን ነበር። እኔና እትዬ ይህን አልተነጋገርንም፣ ግን ሁለታችንም የሚሳበው መድኃኒት ያለበትን ቦታ በየተራ እያየን ነበር።

ድንቢጥ ክሩን አምጪልኝ አለች። መስኮቱ አጠገብ ያዘችው። ውጭ ዓለም ይገለበጣል፣ ክሩ ቀጥ። በሩ ጋ ያዘችው፣ ቀጥ። ቁልፍ ቀዳዳው ጋ ተንበርክካ ያዘችው፤ ትንሽ ጨፈረ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። «ኧረ እኔ ነኝ፣ ተነፈስኩበት!» ብላ በሳቅ ወደቀች። ሳቋ ወደ ሳል ይዞርባታል ብዬ ጠበቅኩ። አልዞረም። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ደከማትና ተኛች። በጀርባዋ፣ አፏን ከፍታ።

እትዬ ተነስተው መደርደሪያውን በጣታቸው ጠረጉ። ጣታቸውን በባትሪ ብርሃን አዩት፣ እኔም አየሁት። ምንም የለበትም፣ ቢጫም ሰማያዊም። ያን ጣት ይዤ ሳምኩት። «ተይ እንጂ፣ እብድ!» አሉኝ፣ ግን እጃቸውን አልነጠቁኝም። አሸነፍን! እልህ ይዞኝ ብቻዬን የጀመርኩት ነገር ነው፣ «አሸነፍን» ስል ግን ደስ እያለኝ ነው።

እሑድ

ነፋሱ በረደ። እትዬ ዛሬ ሄዱ።

ሻንጣቸውን ሲያዘጋጁ ከታች አንድ ትንሽ ዩኒፎርም አየሁ። የእኛ ትምህርት ቤት ቀለም አይደለም። እንዳየሁት ሲያውቁ አውጥተው ሰጡኝ። «ጨርቁ ጥሩ ነው። ፍቺውና ሌላ ነገር ስፊላት።» ገልብጬ አየሁት። በእጅ የተሰፋ ነው፤ ስፌቱ እዚህ ጠባብ፣ እዚያ ሰፊ፣ የክንዱ ገበር ሁለቴ ተፈትቶ እንደገና የተሰፋ። የልብስ ሰፊ ሥራ አይደለም። በመርፌ ስንት ጊዜ ተወግተው ይሆን?

«ልወስዳት ነበር የመጣሁት» አሉ። «እኔ ቤት ላለመምጣት ትንፋሿን የምትውጥ ልጅ ይዤ ልሂድ?»

እንዲህ አይደለም፣ ትወድዎታለች፣ ጀልባውን ሁልጊዜ ታወራለች፣ አልኳቸው። እውነቴን ነው። ከዚያ ደግሞ ከአፌ የማይጠበቅ ነገር ወጣ፦ «ለዕረፍቷ እልክልዎታለሁ። ለሕመም ሳይሆን ለጨዋታ። እኔም ከእሷ ጋር እመጣለሁ፣ ካልከበድንዎት።» እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። አቧራ ነው አላሉም፤ በዚህ ቤት አቧራ የለማ!

ዩኒፎርሙን አልፈታሁትም። ለዕረፍቷ ትለብሰዋለች፣ ርዝመቱ ብቻ ይስተካከላል።

ቅዳሜ

ዝናብ! ጣሪያው ላይ እንደ ጭብጨባ ይወርዳል። ነፋሱ አለቀ፣ ልጄ ቤቷ ናት። አንድም ሌሊት ሆስፒታል አላደረችም።

ጠዋት እትዬ ደወሉ። ድንቢጥ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ፣ ድምፁን ከፍታ፣ ሳሎኑ መሐል እየዘለለች «አክስቴ፣ ዛሬ አሳለኝ! ሁለቴ! ትልቅ ትልቁን! እማዬም ሰማችኝ፣ አባዬም ሰማኝ!» አለቻቸው።

ከወዲያ በኩል የእትዬ የርዕሰ መምህርነት ድምፅ ቤቱን ሞላው። «እሰይ! ጎበዝ ልጄ!»

ባሌ ጫማውን እያሰረ ቀና አለ። «ለሳል እሰይ ይባላል እንዴ?»

«በእኛ ቤት ይባላል» አልኩት።